አውሮፕላን ፈጣን መንገዱ ላይ ቢያርፍ አስፋልቱ ይችለዋል ወይ?

የናዝሬት መንገድ
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። አንድ ጥያቄ ይዤ መጣሁ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆነው ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። እኔ በኤፍኤስአር ከአዲሳባ ናዝሬት በሳምንት አራት አምስቴ እመላለሳለሁ፣ ታናሽ እህቴ ደግሞ ሆስተስ ናት። የዛን ቀን ማታ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ታች ስወርድ አንድ አውሮፕላን ለቦሌ ዝቅ ብሎ ከላዬ አለፈ፣ ጎማው ወርዷል፣ መብራቱ ሁሉ ይታያል። እሷ ውስጡ ትሆን ይሆን ብዬ ቀና ብዬ ሳይ ድንገት ሞተሩ ቢጠፋና ቦሌ ባይደርስ እዚህ እኔ ምነዳበት አስፋልት ላይ ማረፍ ይችል ይሆን አልኩ። ስድስት መስመር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ቦታም አለው።

ግን አስፋልቱ ይሸከመዋል ወይ? ተሳቢ ያለው መኪና ከነጭነቱ 50 ቶን ያልፋል፣ በየቀኑም ይሄድበታል። 737 የሚባለው ሲያርፍ 65 ቶን ነው አሉኝ። 50 የቻለ 65 ለምን አይችልም? በሌላ በኩል ደሞ የኛው መኪኖች አስፋልቱን ቦይ ቦይ ሲያረጉት አያለሁ። ሚያውቅ ካለ በቅንነት ይመልስልኝ።

ቤዝኮርስ
ወንድሜ ጥያቄህ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ እኔ 17 ዓመት መንገድ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሳይት ላይ ፎርማኖች ሳይቀሩ ሚከራከሩበት ነገር ነው።

መጀመሪያ ጠቅላላ ክብደቱን እርሳው። አስፋልት ጠቅላላ ክብደት አያውቅም፣ ሚያውቀው እያንዳንዱ ጎማ በረገጠባት ቦታ ላይ ስንት እንደጫነው ነው። ያንተ ተሳቢ 50 ቶኑን ለ20 ምናምን ጎማ ነው የሚያካፍለው፣ አንድ የኋላ አክስል 10 ቶን ቢሸከም አራት ጎማ አለው ስለዚ ለአንድ ጎማ 2.5 ቶን ደረሰው። 737-800 ግን 65 ቶኑን ይዞ ሲያርፍ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያርፈው መሃል ባሉት አራት ጎማዎች ላይ ነው፣ የፊቶቹ ትንሽ ነው ሚሸከሙት። ለአንድ ጎማ 15 ቶን አካባቢ መጣ ማለት ነው፣ ያንተን ስድስት እጥፍ። ንፋሱንም እየው፣ አንተ 8 ባር አካባቢ ነው ምትሞላው፣ የሱ ወደ 14 ባር ነው። እና ብዙ ክብደት በትንሽ ቦታ ላይ ይጫናል።

ትልልቆቹ ደሞ ሌላ ናቸው። ኤ350 ሲያርፍ 200 ቶን አልፎ ስምንት ዋና ጎማ ነው ያለው፣ ለአንዱ ወደ 24 ቶን። ሰው ማያስበው ነገር፣ 777-200 ረጅም ርቀቱ ከኤ350 ይከብዳል ግን 12 ጎማ ስላለው ለአንድ ጎማ 17 ምናምን ነው ሚደርሰው፣ ስለዚ ለአስፋልት ከበድ ያለው አውሮፕላን ቀለል ይላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ፣ ይሰምጣል ወይ? እኔ ምለው ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ማረፊያ፣ በደንብ የተሰራ ፈጣን መንገድ 737ን ይሸከማል። መንገድ ሚበላሸው እንደ ሽቦ ነው፣ ሽቦን አንዴ ብታጥፈው አይበጠስም፣ እያጠፍክ እያቃናህ ስትመላለስበት ነው ሚበጠሰው። እኛ ዲዛይን ስናረግ በ15 በ20 ዓመት ውስጥ ስንት ሚሊዮን አክስል ያልፋል ብለን ነው ውፍረቱን ምናወጣው። በፈረንጆቹ ከ1958 እስከ 60 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ ሚባል ቦታ መኪና ቀንና ሌሊት እያመላለሱ መንገድ አበላሽተው ያወጡት ስሌት አለ፣ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል፣ በአራተኛ ፓወር ነው ሚያድገው። ስድስት እጥፍ ከሆነ 6 በ6 በ6 በ6፣ 1300 ገደማ። ስሌቱ ለመኪና እንጂ ለአውሮፕላን የወጣ ስላልሆነ በግርድፉ ያዘው፣ ግን አንድ የ737 ጎማ አንዴ ሲያልፍ ከ1300 የከባድ መኪና አክስል ጋር ሚስተካከል ጉዳት ያደርሳል ማለት ነው።

የናዝሬት መንገድ
ኢንጂነር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ታዲያ 1300 አክስል እኮ ለዚህ መንገድ ብዙ አደለም፣ ከሞጆ ጅቡቲ ሚመላለሰው ብቻ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ያልፈዋል። በቃ ይችላል ማለት ነው?

ቤዝኮርስ
መልስ ለየናዝሬት መንገድ
አስፋልቱን በተመለከተ አዎ፣ ሁለት ነገር ግን ልጨምር። አንደኛ ከስር ያለው አፈር ነው፣ ጥቁር አፈር ላይ በደንብ ሳይቆረጥ ሳይለወጥ የተሰራ መንገድ ከሆነና ክረምት ውሃ ጠጥቶ ከቆየ አስፋልቱ ከላይ ቢያምርም ከስር ይከዳል። ሁለተኛ ትከሻው፣ አንድ እግሩ ከመስመሩ ወጥቶ ትከሻው ላይ ከረገጠ ትከሻ ለዛ ጭነት አልተሰራም፣ ይሰረጉዳል፣ ከዛ አውሮፕላኑን ወደዛ ጎን ይጎትተዋል። ቀጭኑን የገጠር አስፋልት፣ ድርብ ሰርፌስ ሚባለውን ማለት ነው፣ እሱን አታስበው፣ እሱ ጠጠር በሬንጅ የተለጠፈበት ነው፣ ተሸካሚው ከስሩ ያለው ቤዝኮርስ፣ የተጠቀጠቀው የጠጠር ንብርብር ማለት ነው፣ እሱ ብቻ ነው።

ቢያርፍም ደሞ በኋላ ማን ያነሳዋል የሚለው ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ የቆመ ክብደት ከሚሄድ ክብደት በላይ ነው አስፋልት ሚጎዳው። አንተም አይተኸዋል መቼም፣ ቦዩ ሚበዛው ሲኖዎች እየተንፏቀቁ በሚወጡበት ዳገት ላይና ሰልፍ ይዘው በሚቆሙበት ሚዛን ጣቢያ አካባቢ ነው፣ በፍጥነት በሚያልፉበት ሜዳ ላይ ግን ያን ያህል የለም። አስፋልት ሙቀት ላይ ቀስ ብሎ ሚፈስ ነገር ነው፣ ጊዜ ከሰጠኸው ይሸሻል።

ሃንጋር ሁለት
እኔ አውሮፕላን ጥገና ላይ ነኝ፣ ኢንጂነሩ ያለው ትክክል ነው፣ በኛም በኩል ያንኑ ነው ምናየው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሰራ ወፍራም ሚደረገው አውሮፕላኑ ሚቆምበትና እየተንፏቀቀ ሚሄድበት ቦታ ነው። መሬት ሲነካ ክንፉ ገና አየር ተሸክሞ ነው ያለው፣ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ጎማው ላይ ሚወድቀው ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ነው። ሰው ግን ዱብ ሲል ነው አስፋልቱን ሚሰብረው ይመስለዋል።

እኔ ምላችሁ፣ ስለ አስፋልት መጨነቁን ተዉትና ወደ ጎንና ወደ ላይ ተመልከቱ። የ737-800 ክንፍ ከጫፍ ጫፍ ወደ 36 ሜትር ነው። ድሪምላይነር 60፣ ኤ350 65 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የቦሌ ማኮብኮቢያ አስፋልቱ 45 ሜትር ስፋት አለው፣ ከዛ ወዲያ ደሞ ግራና ቀኙ ባዶ ነው፣ ሆን ተብሎ ባዶ የተደረገ። ፈጣን መንገዱ ላይ ባንድ አቅጣጫ ሶስት መስመር ነው፣ ከ11 ሜትር ብዙ አይበልጥም። ጎማው ይገባል፣ የ737 ዋና ጎማዎች መሃል 6 ሜትር አይሞላም። ግን ከአንዱ ሞተር ውጪኛ ጫፍ እስከ ሌላው 12 ሜትር ገደማ ነው፣ ሞተሩ ደሞ ከመሬት ከፍታው ግማሽ ሜትር እንኳን አይሞላም። ጎንበስ ብላችሁ እጃችሁን አስገቡበት፣ ከክርናችሁ ብዙ አያልፍም። የመንገዱ ዳር ብረት ስንት ነው? ከሰባ ሳንቲም በላይ ነው። ትንሽ ከመሃል መስመር ከወጣ ሞተሩ ብረቱን ይዞት ነው ሚሄደው። ክንፉ ደሞ መከፋፈያውን አልፎ ከወዲያኛው አቅጣጫ በሚመጣ መኪና ላይ ነው ሚዘረጋው፣ ባለተሳቢ ላይ አስቡት።

ሌላው ከፍታው ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከ2000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ባህር ጠለል ላይ በሰዓት 260 ኪሎሜትር ሚመጣው አውሮፕላን እዚህ ወደ 290 ነው መሬቱን ሚነካው። ለመቆም ረጅም ቦታ ይፈልጋል፣ ያ ሁሉ ቦታ ላይ ድልድይ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የመንገድ ምልክት፣ መኪና አይኑር ማለት ነው። ሞተር የጠፋበት ከሆነ ደሞ አንዴ ነው ሚመጣው፣ ደግሞ ልዙር ማለት የለም።

ክላርክስተን
ሃንጋር ሁለት ያለውን ነገር እኔ ምኖርበት ስቴት ውስጥ በተግባር ታይቷል። ጆርጂያ፣ ከአትላንታ ወደ ሰሜን ምዕራብ ኒው ሆፕ ሚባል ትንሽ ቦታ አለ፣ አፕሪል 4 1977 ነው፣ የሳውዘርን ኤርዌይስ ዲሲ9 ከባድ በረዶ ውስጥ ገብቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉ። ፓይለቶቹ አጠገብ ያለ የአየር ኃይል ማረፊያ ፈልገው አልደረሱም፣ መጨረሻ ላይ ያገኙት ሁለት መስመር ያላት የገጠር አስፋልት ናት። እና ልብ በሉ፣ አሳርፈውታል! ጎማው አስፋልቱን ነክቷል፣ አስፋልቱም አልሰመጠም። ክንፉ ነው ዛፍና የመብራት ምሰሶ የመታው፣ ከዛ ነዳጅ ማደያ ያለበትን ሱቅ መታ፣ ተበታተነ፣ ተቃጠለ። አውሮፕላኑ ላይ ከነበሩት 85 ሰዎች 63ቱ፣ መሬት ላይ ደሞ 9 ሰው፣ በጠቅላላ 72 ሰው ሞተ። ሁለቱም ፓይለቶች ሞተዋል። ሁለቱ ሆስተሶች ግን ተርፈዋል፣ ተሳፋሪውን እንዴት እንደሚቀመጥ አስቀድመው እያዘጋጁት ነበር።

እኔ በዛ በኩል እቃ አደርሳለሁ። መንገዱ ላይ ስትሄድ እውነት ለመናገር ታዝናለህ፣ ጠባብ ነው፣ ቤት አለ፣ ፖስታ ሳጥን አለ፣ ዛፉ ከሁለት በኩል ይመጣብሃል። እዚህ ላይ ሚያሳርፍ ሰው ምን ያህል አማራጭ ቢያጣ ነው እላለሁ ሁሌ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
አሜሪካ ትላልቆቹ ኢንተርስቴቶች ሲሰሩ እኮ ከአምስት ማይል አንዱ ማይል ቀጥ ያለ እንዲሆን በህግ ተደንግጓል፣ ለጦርነት ጊዜ አውሮፕላን እንዲያርፍበት። ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ነው ያስደረገው። የኛም ሲሰራ እንደዛ መደረግ ነበረበት።

ክላርክስተን
እህቴ ይሄን እኔም ለዓመታት አምኜ ለሰው ሳወራ ነበር፣ ትክክል አይደለም። የአሜሪካ የሃይዌይ መስሪያ ቤት ራሱ እንዲህ ያለ ህግ የለም ብሎ በይፋ ጽፏል። የመንገዱ ስም ላይ መከላከያ የሚለው ቃል ስላለ ነው ወሬው የተነሳው፣ ያ ደሞ ወታደርና እቃ በመኪና ለማጓጓዝ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እውነትህን ነው አሁን ገብቼ አነበብኩት፣ ይቅርታ። ለባለቤቴ ስንቴ እንደነገርኩት፣ ዛሬ ማታ አስተካክላለሁ።

ማሚ ሃምቡርግ
ልጆቼ እኔ እዚህ ጀርመን ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ጆርጂያ ላይ የሆነው እዚህም ሆኗል፣ በ1971 ሴፕቴምበር 6። ፓንኢንተርናሽናል ሚባል ድርጅት አውሮፕላን ነው፣ ከሃምቡርግ ተነስቶ ስፔን ማላጋ ለሽርሽር ሚሄድ ሰው ነው የጫነው፣ 121 ሰው። የዛን ጊዜ አውሮፕላን ሲነሳ ጉልበት እንዲኖረው ሞተሩ ላይ ውሃ ይረጩ ነበር አሉ፣ እና ውሃ መሆን ያለበት ጋን ውስጥ ነዳጅ ተቀላቅሎ ተገኘ። ሁለቱም ሞተር በጣም ግሎ ወዲያው ቆመ። ፓይለቱ ወደ ኪል ሚወስደው አውቶባን ላይ ሃስሎ ጋ አሳረፈው። ካረፈ በኋላ እየሄደ መንገዱን ሚያቋርጥ ድልድይ መታ፣ ክንፎቹ እዛ ቀሩ። 22 ሰው ሞተ፣ 99 ተረፈ።

አብራኝ ምትሠራ ጀርመናዊት አንድ ቀን በመኪና ወደዛ ስንሄድ ሃስሎ ጋ ስንደርስ እጇን ዘርግታ እዚህ ነው አለችኝ። እኔ ያየሁት ተራ ድልድይ ነው፣ ሁላችሁም በየቀኑ ምታልፉበት ዓይነት። ዛሬም በዛ ሳልፍ አማትባለሁ። እና አስፋልቱ አይደለም የገደላቸው፣ ያ ድልድይ ነው።

ቢኒ
እንግዲህ ሁሉም ምሳሌ መጥፎ ሆነብን። መንገድ ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ቢያርፍስ? የራሺያው አውሮፕላን የበቆሎ ማሳ ላይ አርፎ ሁሉም ሰው ተርፎ የለም እንዴ።

ጣና ዳር
መልስ ለቢኒ
ያልከው እውነት ነው፣ 2019 ኦገስት 15፣ ኤ321፣ ከሞስኮ ዙኮቭስኪ ሲነሳ ወፍ ሁለቱም ሞተር ውስጥ ገባበት፣ ጎማውን ሳያወርድ በሆዱ በቆሎ ውስጥ ገባ፣ 233 ሰው ነበር አንድም አልሞተም። ግን ሜዳ ሁሉ በቆሎ አይደለም። የኛ ከተማ ላይ መስከረም 1981 ዓ.ም የሆነውን ትልልቆቹ ያስታውሱታል። 737 ነው፣ ከባህር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሩ ውስጥ ገባ። ተመልሶ ማረፊያውን ሊይዝ ሞከረ አልሆነም፣ ባዶ መሬት ላይ በሆዱ አሳረፈው፣ እሳት ተነሳ። 104 ሰው ነበር፣ 35ቱ ሞቱ። አባቴ የዛን ቀን ጭሱን አይቷል፣ አሁንም ሲያወራው ድምፁ ይቀየራል። ስለዚ ሜዳ ይሻላል መንገድ ይሻላል ብሎ በአንድ ቃል መናገር ከባድ ነው፣ ፓይለቱ በዛች ደቂቃ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ነው ሚወስነው።

ጋሼ ደብረ ዘይት
ልጆች ውይይታችሁን ከመጀመሪያው አነበብኩት፣ ደስ ይላል። እኔ በአየር ኃይል የመሬት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት አገልግያለሁ፣ ትምህርቴንም ሶቪየት ህብረት ነው የተከታተልኩት። መንገድን ለአውሮፕላን ማረፊያ ማድረግ የታወቀ ሥራ ነው፣ ነገር ግን አስቀድሞ ይታሰብበታል። ምዕራብ ጀርመን በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ አውቶባን ላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ነበሯት፣ መሃል ያለው መከፋፈያ ብረት ተነቃይ ነው፣ ድልድይ የለም፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ አውሮፕላን የሚቆምበት ሰፊ ቦታ አለ። ስዊድንና ፊንላንድ እስከ ዛሬ ይለማመዱበታል። ሲንጋፖር ሊም ቹ ካንግ የሚባል መንገድ አላቸው፣ 2500 ሜትር ርዝመት በ24 ሜትር ስፋት፣ ልምምድ ሲኖር የመብራት ምሰሶውን፣ የትራፊክ መብራቱን፣ የአውቶብስ ፌርማታውን ሳይቀር ነቅለው አንስተው አስፋልቱን ጠርገው ነው ተዋጊ ጄት የሚያሳርፉበት። ህንዶች በ2017 አግራና ላክናው መካከል ባለው ፈጣን መንገድ ላይ ሲ130 አሳርፈዋል፣ ያ ትልቅ የጭነት አውሮፕላን ነው።

ሆኖም ሲ130ም የሶቪየቱ ጭነት አውሮፕላን አንቶኖቭ 12ም ለዚህ ሲባል የተሠሩ ናቸው። ክንፋቸው ከላይ ነው፣ ሞተራቸው ከመሬት ርቆ ተሰቅሏል፣ ጎማቸው ወፍራም ሆኖ ንፋሱ ዝቅ ያለ ነው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ እህል የሚያመጡት የእንግሊዞች ሄርኩለሶች፣ ሲ130ዎቹ ማለት ነው፣ አፈር ሜዳ ላይ ሲያርፉ አቧራው ተነስቶ አውሮፕላኑን ይውጠውና አለቀ ስትሉ አፍንጫው ከአቧራው ውስጥ ይወጣል። መንገደኛ የሚጭነው 737 ያንን አያደርግም።

ቤዝኮርስ
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ከስፋቱ ይልቅ እኔን የገረመኝ ጠርገው ያሉት ነው፣ አንድ ብሎን፣ የፈነዳ ጎማ ቁራጭ ሞተር ውስጥ ከገባ ያበላሻል አይደል?

ጋሼ ደብረ ዘይት
በትክክል። እኛ ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን ማኮብኮቢያውን በእግራችን ሄደን ጠጠር እንለቅም ነበር። የናንተ መንገድ ዳር የሚታየው የጎማ ቁራጭ ብቻ በቂ አደጋ ነው።

ሃንጋር ሁለት
ቢኒ ሁሉም ምሳሌ መጥፎ ነው ላለው አንድ ጥሩ አለኝ። ሜይ 24 1988 ታካ የሚባለው የኤል ሳልቫዶር አየር መንገድ 737-300፣ ካፒቴኑ ካርሎስ ዳርዳኖ፣ አንድ ዓይኑን ከዛ በፊት በጦርነት መሃል ጥይት ወስዶታል፣ ባንድ ዓይኑ ነው ሚያበረው። ኒው ኦርሊንስ አካባቢ ዝናብና በረዶ ውስጥ ሁለቱም ሞተር ጠፉ። ናሳ ግቢ አጠገብ ጎርፍ መከላከያ የአፈር ክምር አለ፣ ላዩ ሳር ነው፣ እሱ ላይ በጎማው አሳረፈው። 45 ሰው ነበር፣ ሁሉም ተረፈ። አሁን ከጥያቄው ጋር ሚያያዘው እዚህ ጋ ነው፣ ክንፉን ነቅለው በጭነት ጀልባ ሊወስዱት አስበው ነበር፣ በኋላ የተበላሸውን ሞተር እዛው ቀየሩና እዛው ግቢ ውስጥ ካለ ሳተርን ቡሌቫርድ ከሚባል መንገድ ላይ ተነስቶ በረረ። መንገዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማኮብኮቢያ ነበር። ነዳጁንም ክብደቱንም ቀንሰው ነው፣ ግን ተነስቷል፣ ከዛ በኋላም ለብዙ ዓመት ሰው ሲጭን ኖሯል። ስለዚ 737ና መንገድ ይገናኛሉ ወይ ላላችሁ፣ ተገናኝተዋል፣ ግን ከጎኑ ምሰሶ በሌለው መንገድ ላይ።

የናዝሬት መንገድ
ወንድሞቼ ጋሼ ማሚ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እኛ አገር ፈጣን መንገድ ላይ አንድ ሶስት ኪሎሜትር ለዚህ ተብሎ ቢዘጋጅ አይሆንም? አሁንም ሌላ ፈጣን መንገድ እየተሠራ ነው።

ጋሼ ደብረ ዘይት
ልጄ ይሆናል፣ ዋጋው ግን አስፋልቱ ላይ አይደለም፣ ጥበቃው ላይ ነው። ዛሬ ባዶ የሆነ ቦታ ከአምስት ዓመት በኋላ ማደያና ሆቴል ይሠራበታል። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ሰሜን ራሺያ ደን ውስጥ ኢዥማ የምትባል ቦታ አለች፣ ትልቅ አውሮፕላን መምጣት ካቆመ ቆይቷል፣ ማኮብኮቢያው 1300 ሜትር ገደማ ነው፣ ከካርታም ከአገልግሎትም ወጥቷል። ሰርጌይ ሶትኒኮቭ የሚባል ሰው ነበር፣ ቦታው ለሄሊኮፕተር ብቻ ሲቀር እሱ ግን ለዓመታት አስፋልቱን ንጹህ አድርጎ ጠበቀው፣ ሰው እቃ እንዳይከምርበት፣ መኪና እንዳያቆምበት ይከላከል ነበር፣ አድርግ ያለው አልነበረም። በ2010 ሴፕቴምበር 7 አንድ ቱ154 የሚባል የራሺያ መንገደኛ አውሮፕላን ኤሌክትሪኩ ሁሉ ጠፋበት፣ ከክንፉ ጋን ነዳጅ የሚያመጣው ፓምፕ ቆመ፣ ፓይለቶቹ በደመና ቀዳዳ ያንን አስፋልት አዩት። ሁለት ጊዜ ዞረው በሦስተኛው አረፉ፣ ጫፉን አልፎ ችግኝ ውስጥ ገባ። 81 ሰው ነበር፣ አንድም ሰው አልተጎዳም። በሚቀጥለው መጋቢት ተጠግኖ ከዚያው አስፋልት ተነስቶ ሄደ። ቱ154 በያንዳንዱ ጎን ስድስት ስድስት ጎማ አለው፣ ኢንጂነሩ እንዳለው ክብደቱን ያካፍለዋል፣ ለደካማ ማኮብኮቢያ ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ጋሼ እያነበብኩ አለቀስኩ። አድርግ ሳይባል።

ቤዝኮርስ
እኔም ይሄን አላውቅም ነበር። ነገ ቢሮ ስገባ ለወጣቶቹ እነግራቸዋለሁ፣ ሁሌ ስለ ውፍረት ነው ምናወራው፣ ከተሠራ በኋላ ዳሩን ማን ይጠብቀዋል ሚለውን አናነሳም።

ለየናዝሬት መንገድ አንድ ነገር ልጨምር፣ ወደ ክፍለ አገር ሚበሩት ባለፕሮፔለር ኪው400ዎች ሲያርፉ 28 ቶን ብቻ ናቸው፣ ለአንድ ጎማ 6 ቶን ተኩል ገደማ፣ ክንፋቸው 28 ሜትር ተኩል አይሞላም፣ ሞተራቸውም ክንፉ ላይ ወደ ላይ ነው። ለእነሱ መንገዱ ብዙም ከባድ አይደለም፣ አስፋልቱን ሳይ ያለ ጥርጥር ነው እሺ ምለው። ምሰሶውና ድልድዩ ግን ለእነሱም ያው ነው።

የናዝሬት መንገድ
ትናንት ስመለስ ያላችሁትን ሁሉ ይዤ መንገዱን በሌላ ዓይን አየሁት። 8 ዓመት ስነዳበት ሰፊ ነው ምለው መንገድ ነው። አንድ ቀጥ ያለ ቦታ አገኘሁ፣ ይሄ ይሆናል ስል ከፊቴ የመሻገሪያ ድልድይ መጣ። ሌላ ቦታ ድልድይ የለም ስል የኤሌክትሪክ መስመር ከላይ ያቋርጣል። ሌላ ቦታ ደሞ ሁሉም ንጹህ ሆኖ ትከሻው ላይ ሁለት የተበላሸ ሲኖ ድንጋይ ተደርድሮላቸው ቆመዋል። እንደዛ እያልኩ ናዝሬት ገባሁ።

ማታ ለእህቴ ደወልኩላትና ይሄን ሁሉ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና እኛ የት እንደሚያርፍ አንመርጥም ጋሼ፣ እኛ ምንሠለጥነው ከቆመ በኋላ ላለው ነው፣ በ90 ሴኮንድ ውስጥ ግማሹ በር ተዘግቶም ቢሆን ሰው ሁሉ መውጣት አለበት ተብሎ ነው አውሮፕላኑም ሚፈተነው አለችኝ። ከዛ አንተ መንገዱ ላይ ብትሆን ምን ታደርጋለህ ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነት ምን ነው ማደርገው?

ሃንጋር ሁለት
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ኒው ሆፕ ላይ 9 ሰው መሬት ላይ እንደሞተ አትርሳ። ከኋላህ ወደ 300 ኪሎሜትር በሰዓት ነው ሚመጣው፣ ሞተሩ ከጠፋ ድምፅም ብዙ የለውም፣ ልትቀድመው አትሞክር። ወደ ቀኝ ዳር ውጣ፣ ከቻልክ ከአስፋልቱ ጨርሰህ ውረድ፣ መኪናህን ትተህ ከመንገዱ ራቅ። ካለፈህ በኋላ ሲቆም ነዳጅ ይፈስ ይሆናል፣ መኪናህን አስነስተህ አትጠጋው፣ ሲጋራ የያዘ ሰው ካየህ አስጥለው። ሰዎቹ በመንሸራተቻው ሲወርዱ ከታች ሆነህ ተቀበላቸው፣ ንፋሱ ከሚመጣበት በኩል ወስደህ ራቅ አርጋቸው። ከኋላ የሚመጣውን መኪና ሚያስቆም አንድ ሰው ወደ ኋላ ላክ፣ ሩቅ።

ማሚ ሃምቡርግ
ልጄ እህትህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። ብርድ ልብስም ያዝ መኪናህ ውስጥ።

የናዝሬት መንገድ
አሜን ማሚ። ብርድ ልብስ አለኝ፣ እተኛበታለሁ። እሳት ማጥፊያዬ ግን ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፣ ለቁጥጥር ብቻ ነው ይዤው ምዞረው። ዛሬ ጠዋት ከመጫኔ በፊት ሳሪስ ጋ አቁሜ አስሞላሁት። ትልቁን 9 ኪሎውንም ጨምሬ ገዛሁ፣ ከወንበሩ ጀርባ አስሬዋለሁ።